የእንጆሪው እሾህና የአማረች ቀሚስ

ነሐሴ 28። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ቀሚስ ስሰፋ ዋልኩ። በዚህ ወር ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሁሉም የሚቀደዱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከጉልበት በታች። ቀዳጁ ከቦዩ ዳር ያለው እንጆሪ ነው። ሚስቴ አማረች ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር አታስገባም፤ ስለዚህ የቤቱ ልብስ ሰፊ እኔ ባሏ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ፋይል ስሰፋ የኖርኩ ሰው ቀሚስ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ስፌቴን በጣቷ ዳሰሰችና ቀሚስ ነው ወይስ የማዳበሪያ ጆንያ አለችኝ። ደብተሬ፣ መልሱን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ አንተን የምጽፍህ በአማርኛ፣ የመ/ቤት ልማድ ሆኖብኝ። መልሱ፦ ጆንያ ነው።

ግቢው ጫካ ሆኗል። ክረምቱ ዘንድሮ በረታ። ሙጃው ወገብ ደረሰ። የወፍ ቆሎው አጥሩን ውጦታል። እንጆሪው ደግሞ ከቦዩ ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ ሊዘጋ ነው። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ ግቢያችን ሲደርስ መውጫ የሚያጣ ይመስለኛል።

ነሐሴ 29። ምሽት።

በረከት ደወለ። አንድ ልጃችን፣ ሐዋሳ ባንክ የሚሠራው። ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ መጥቶ ሁለታችንንም ይዞን ሊሄድ ነው። የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእናቱ ዓይን፣ የግቢው ጫካ፣ እባብ፣ ቦይ፣ ምክንያቶቹን በተራ ቁጥር ዘረዘረ። የኔ ልጅ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ተከራከርኩ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ሲመጣ ግቢው ጸድቶ፣ እናቱም ያለ ረዳት ስትወጣ ስትገባ ካየ አያስገድደንም። ካልሆነ ዕቃ ይታሰራል።

ለአማረች ነገርኳት። አምና ሐዋሳ ሁለት ሳምንት ቆይታ ነበር። እንደ ፖስታ ዕቃ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ አለች። ቀጥላም፣ "እዚያ ከሄድኩ እግሬም ይታወራል" አለች።

እዚህ ማንን ትጠብቃለች? ጎመኗን ራሷ ቆርጣ ትመጣለች። ላሟን ራሷ ታያለች። የዓይን ግፊት ነው ብለውናል፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ እኔ አደርግላታለሁ። ጥላ ጥላ ይታየኛል ትላለች፤ ይበቃታል። እኔ የትም ብሆን እኖራለሁ። እሷን ወንበር ላይ ማየት ግን አልችልም። ሌላ ማወቅ ያለብህ ነገር የለም።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ።

ሶዶ ወረድኩ። ሱልጣን የሚባል የስልጤ ልጅ አለ፣ ገበያው ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው፤ ከአባቱ ጋር እንዋደድ ነበር። የሳር ማጨጃ ማሽን አለው። ለጊፋታ ግቢ ማጽጃ ከሆነማ ይውሰዱት፣ ሲጨርሱ ይመልሱልኛል አለኝ። ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ ራሱ አጠበቀልኝ።

"ጋሼ፣ ለሳሩ የፕላስቲክ ክሩን፣ ለእሾሁ የብረት ስለቱን ማሽኑ ላይ ይሰሩ። ብረቱ ድንጋይ ካገኘ ዞሮ እርስዎኑ ነው የሚመጣው፣ እሺ? እንጆሪ ደግሞ ላዩን ቢቆርጡት ይስቅብዎታል። ሥሩን በዶማ ካልነቀሉት በወሩ ተመልሶ ደጅዎ ነው።"

ቤንዚን በሃይላንድ ገዝቼ፣ ዘይት ቀላቅዬ፣ በባጃጅ ተመለስኩ። የማሽኑ ጭራ በበሩ ወጥቶ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ እያለ አሳለፈን። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ጳጉሜ 3። ከጠዋቱ 5 ሰዓት።

ማሽኑ በአራተኛው ስበት ተነሳ። ንዝረቱ እጄ ላይ ቀርቷል፤ ጽሑፌን ይቅር በል። ክሩን አስሬ ሙጃውን ጀመርኩ፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ማጭድ። አማረች ደፍ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከዚያ ጉድ አሳየችኝ። የምቆርጠውን ከሽታው ብቻ ታውቃለች። ሙጃ ነው ትላለች፤ አሁን የወፍ ቆሎ ውስጥ ገባህ፤ ግራዋውን ተወው፣ ተው አልኩህ! ከኩሽናው በር ያለውን ኮሰረት እንዳትነካ። ከቧንቧው ጎን ያለውን ጠጅ ሳርም እንዳትነካ። ለአረም የምትሳሳ ሴት ዛሬ ገና አየሁ አልኳት።

እንጆሪውንስ? እንጆሪውን ለኔ ተወው አለች። ለፍሬው መሰለኝ። ስልሳ ዓመት አልፏት እንጆሪ ለቀማ! ሳቅሁባት፣ እሷም ሳቀች፣ ወሬው እዚያ ላይ ቀረ።

ጳጉሜ 4። ከቀኑ 10 ሰዓት።

አማረች ከጎረቤታችን ሚስት ጋር የሴቶች ጸሎት ሄዳለች። ምቹ ጊዜ። ብረቱን አስሬ ወደ እንጆሪው ሄድኩ።

ቀላል ጠላት አይደለም። ከታች ሲቆርጡት ላዩ ይወድቅና ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች፣ እርከን በእርከን። አንድ ሐረግ ተወንጭፎ ጆሮዬን ጫረኝ። ሌላው ሱሪዬን ያዘ። ሁለት ጊዜ አቁሜ፣ ስለቱ ላይ የተጠመጠመውን በቢላ ፈታሁ። የተፈጨው ፍሬ ሽታ ግቢውን ሞላው። 9 ሰዓት ላይ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል፤ ይህን ያህል ጎርፍ እንደቦረቦረው አላውቅም ነበር። ቁርጥራጩን ከመርኩ፤ እርጥብ ስለሆነ አይነድም። ሥሩ ነገ በዶማ።

ከእንግዲህ ቀሚስ አልሰፋም። ስትመጣ አልነግራትም። ራሷ ደርሳበት እስክታመሰግነኝ እጠብቃለሁ።

ጳጉሜ 5።

ዛሬ ላልጽፍ ነበር።

ጠዋት 1 ሰዓት። ቤንዚን ስቀላቅል አንድ ነገር ጧ አለ። ሮጥኩ። አማረች ቦዩ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ከእግሯ እስከ ወገቧ ጭቃ። ቅልጥሟ ተልጧል። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች፤ ወደኔ ግን አልነበረም፣ ከኔ በስተግራ ወዳለው እንሰት ነው ያየችው።

"የበረከት አባት፣ እሾሄን ምን አደረግኸው?"

አወጣኋት፣ አጠብኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ምንም አታይም። ጥላም የለም። ኮሰረት ሲሸት የኩሽና በር ነው። የግራዋው ቅጠል ግራ ትከሻዋን ሲነካ የሽንት ቤቱ መታጠፊያ። ጠጅ ሳር ቧንቧ። እንጆሪው ቀሚሷን በቀኝ ሲይዛት ቁሚ ማለት ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ። ትቆማለች፣ ትላቀቃለች፣ ትሄዳለች። ስድስት ወር ሙሉ እሱ ነው ያቆማት። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ቀዳዳውን እየሰፋሁ እሾሁን ስረግም ነበር።

መስከረም 1።

እንኳን አደረሰህ ደብተሬ። በጣም ተቆጥቻለሁ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን ዓይኗ መጥፋቱን አልነገረችኝም። ጠብታውን ላድርግላት ስትንጋለል ጣሪያውን ታይ ነበር፣ የምታይ መስሎኝ። ቁርሴን ትቼ ጓሮ ወጣሁ። ቁጣዬ በራሴ ላይ መሆኑን ለማወቅ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ገብቼ ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

ብነግርህ እጄን ይዘህ አትለቀኝም ነበር አለች።

እውነት ነው። አልለቅም ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደምወዳት ነገርኳት፤ በወላይትኛ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ጎረምሳ። ታወርኩ እንጂ አልደነቆርኩም፣ ቀስ ብለህ ተናገር አለችኝ።

መስከረም 3። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ሐሳቡ የሷ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲያዝ። መንገዱን ልብስ ሳይሆን እግር ይወቀው አለች። ጫማዋን አውልቃ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ በግራ በቀኝ ችካል እተክላለሁ። ከቤት ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ቧንቧ፣ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ላሟ፣ ወደ ሽንት ቤት፣ በመጨረሻም እስከ ውጭ በር። ከዚያ ማሽኑ። በችካሎቹ መካከል ያለውን እስከ ምድር ድረስ ላጨሁት፤ ከችካሉ ውጭ የቀረው ሙጃ እንዳለ ይቆማል። እግሯ የታጨደው ምንጣፍ ላይ ከሆነ መንገድ ነው፤ ቅጠል ካገኘ ስታለች። ሳር ማጨጃው የሷ እርሳስ ሆነ፤ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ከዚህ የተሻለ አለቃ አላገኘሁም።

ቦዩ ቀረ። እንጆሪው የለም፤ የኔ ሥራ። ስለዚህ የከመርኩትን ቁርጥራጭ መልሼ በቦዩ ዳር ተከልኩት፣ በችካል መካከል እየሸመንኩ፤ ጉልበቷ በሚደርስበት ልክ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አየኝ። የቆረጠውን እሾህ መልሶ የሚተክል ሰው ጡረታ አእምሮውን ነክቶታል ብሎ ሳያወራ አይቀርም። ያውራ።

መስከረም 9።

ልምምድ። አማረች በቀን ሦስት ጊዜ ከቤት እስከ በር ትመላለሳለች። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የማያት፤ ካላስቀመጥኩት ይዘረጋል።

እኔም ዓይኔን በሻርፕ አስሬ ሞከርኩ። አሥር እርምጃ ሄጄ እንሰቱን አቀፍኩት። በሳቅ ሞተች። መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሠርጋችን ቀን እንደዚህ ነበር የምትስቀው፤ ያኔም እኔው ተደናቅፌ ነበር።

መስከረም 14።

የተከልኩት እሾህ ደርቆ እየተሰባበረ ነው። ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከጉቶው ሥር ቀይ ቀይ ቡቃያ ወጥቷል፣ አንድ ጣት የሚያክል። ሱልጣን እንዳለው። ዶማውን ይዤ ነበር የሄድኩት። መለስኩት።

ፈርቻለሁ። በረከት የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ። ምሽት።

መጣ። መኪናው ከመንገድ ስትታጠፍ አማረች ሰማች። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። ምንጣፉን ተከትላ፣ ፈጠን ብላ፣ እስከ ውጭ በር። በረከት ቆሞ ቀረ። ግቢውን አየና ሳቀ፤ አባዬ፣ ፀጉር ቆራጭ ግማሹን ላጭቶ የሸሸ ነው የሚመስለው አለ። ደስ አለኝ። አለፍን ብዬ ነበር።

እሷ ግን መዋሸት አልፈለገችም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከስታሃል፣ አይታየኝም ግን እጄ አይሳሳትም አለችው። ከዚያ እውነቱን ነገረችው።

አለቀሰ። በኋላ ተቆጣ። ረዳት አያስፈልጋትም አልከኝ እንጂ ዓይኗ ጠፍቷል አላልከኝም አለኝ። ስምምነቱ ፈርሷል። ሰኞ ይዟት ይሄዳል፤ ካልፈለግሁ እኔ ልቅር። ቦዩስ? አንድ ቀን ብትገባበትስ? ገብታበታለች አላልኩም። ልጁ ስለሚወዳት ነው እንዲህ የሚሆነው። የሷን ልብሶች በሻንጣ አሰረ። አማረች ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ዕቃ መሆን ጀመርኩ አለች።

መስከረም 18፣ እሑድ። ጊፋታ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ግቢውን ሞላው። ሥጋው ተቆረጠ፣ የቆጮው ሙቹዋ በቅቤ ቀረበ። ልጆች ዮ ዮ ጊፋታ እያሉ በምንጣፍ መንገዷ ላይ ሮጡ፤ አማረች ከእግራቸው ድምፅ ማን የት እንደታጠፈ ትነግረኛለች። በረከት ከማንም ጋር አላወራም።

12 ሰዓት ገደማ፣ ሊመሽ ሲል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ቆየ። ተከተልኩት።

ቦዩ ዳር ቆሟል። አንድ እግሩ ከጠርዙ በአየር ላይ ነው። የሱሪውን ጫፍ እንጆሪው ይዞታል፤ ደረቁ እሾህ ብቻ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያቆጠቆጠው አዲሱ ሐረግም በደረቁ ላይ ተንጠላጥሎ። ስልኩ ከሥሩ ቦዩ ውስጥ ያበራል። አልተንቀሳቀሰም። ጉድጓዱን ያያል።

አማረች ደፉ ላይ ነበረች። የጨርቁን ድምፅ ሰምታለች፤ ያንን ድምፅ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"በረከት! ቁም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ!"

ሁለት ዓይን ያለው ልጄ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ጎንበስ ብሎ እሾሁን ከሱሪው አንድ በአንድ አላቀቀ፤ ሐረጉን ግን አልሰበረውም። ይህን እሾህ እዚህ ማን ተከለው አለኝ። ቆርጬ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ የምታውቀው ግን እናትህ ናት አልኩት። ወደሷ ሄደና ከእግሯ ሥር ተቀመጠ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ አልቀረብኩም።

መስከረም 19።

በረከት ዛሬ ጠዋት ብቻውን ሄደ። የእናቱን ሻንጣ ራሱ ፈትቶ፣ ልብሶቿን ባገኘበት ቦታ መልሶ፣ አንዱንም ሳያሳስት። የተቀደደ ሱሪውን እናትህ ትስፋልህ አልኩት። አባዬ፣ አንተው ስፋው አለኝ። ይህን ያለው በእሷ ፊት ነው፤ ስትስቅ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

መስከረም 20። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ማሽኑን ጠርጌ፣ ስለቱን ስዬ፣ ለሱልጣን መለስኩ። ጋሼ፣ ሥሩን ነቀሉት ወይ አለኝ። አልነቀልኩም አልኩት። ተመልሶ ይመጣብዎታል አለ። እሱን ነው የምጠብቀው አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ለሙጃው በየሁለት ሳምንቱ ማሽኑን ሊያውሰኝ ቃል ገባ። ከጎኑ ካለው ሱቅ ወፍራም ጥቁር ክርና ሁለት መርፌ ገዝቼ ወደ ቤት።

ቡቃያው ዛሬ ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ ስንዝር ሆኗል። አማረች በጣቷ ጫፍ ለካችው፤ ጫራት፣ ደስ አላት።

ውሳኔ፦

1ኛ. እንጆሪው ባለበት ይቀጥላል።

2ኛ. ቀሚሱ ይቀደዳል፤ እኔ እሰፋለሁ።