በጥቁሩ መኪና ኮፈን ላይ ስላሉት ጭረቶች

ይድረስ ለክቡር የስምሪት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የጉልበትዎ ቁርጥማት ለቀቅ እንዳደረገዎትና የቢሮዎ መስኮትም እንደ ወትሮው የማጠቢያውን ግቢ ወለል አድርጎ እንደሚያሳይዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ላለፉት አራት ዓመታት ከዚያ መስኮት ሥር የመሥሪያ ቤቱን መኪኖች ሳጥብና ሳደርቅ የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሜን ጽፌ ባላደክምዎ ይሻላል፤ «አንተ ባለ ቦቲ» እያሉ የሚጠሩት እኔን ነው።

ለእርስዎ ብቻ መድረስ የሚገባውን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እትዬን ከሥራ ያሰናበቱበት ደብዳቤ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ስድስት ቀን ሙሉ ተለጥፎ ስለነበረ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሥርዓቱ ይኸው ነው ብዬ ነው።

ከሌላ ክፍል መጥተው ቆመው ለሚያነቡ ደግሞ፣ እትዬ ማለት በዚህ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መኪና ያደረቁ፣ የማጠቢያው ቡድን መሪ የነበሩ ሴት ናቸው። ማጠብ ውሃና ሳሙና ያለው ሁሉ ያጥባል፤ ማድረቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከፎጣው ሥር ከገባች፣ እጅ በዞረ ቁጥር አብራ እየዞረች ቀለሙን ትፍቀዋለች። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፎጣው ተዘርግቶ በሁለት ጫፉ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይሳባል እንጂ አይታሽም፤ ለትንንሹ ቦታ አራት ይታጠፍና አንዱ ገጽ ሲርስ ይገለበጣል፤ ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ ለጎማ የተለየው ፎጣ ሌላ ቦታ ዝር አይልም። መሬት የወደቀ ፎጣ ደግሞ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል እስኪታጠብ ድረስ ቀለም አይነካም። ይህችን የመጨረሻዋን በየሳምንቱ ይደግሙልኝ ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ «ሰምቻለሁ እትዬ» እላቸው ነበር።

አሁን በእርስዎ ፈቃድ አቤቱታዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ፎጣዎቹ። ለስላሳዎቹ ፎጣዎች እያለቁ ሲሄዱ አዲስ ከመግዛት ይልቅ የስብሰባ አዳራሹን አሮጌ መጋረጃ አስቀድደው ስለላኩልን እናመሰግናለን። ጌጡ በጣም ያምር ነበር። እትዬ አንዱን ቁራጭ ይዘው ቢሮዎ ድረስ ወጥተው፣ በእጅዎ ጀርባ ላይ አሸት አድርገው እንዲሞክሩት ሲጠይቁዎ፣ «ጨርቅ ጨርቅ ነው» ብለው በአጭሩ እንደሸኟቸው ነግረውናል። ከዚያ ወዲህ የተረፉትን ሁለት ለስላሳ ፎጣዎች ለጠቅላይ ሥራ አስኪያጁ ጥቁር መኪና ብቻ ለይተው በየማታው በእጃቸው እያጠቡ ያሰጧቸው ነበር። ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም፤ እንደ እኔ አይደለም።

፪ኛ. ስለ ደቂቃዎቹ። አንድ መኪና ከእጥበት ወጥቶ በስምንት ደቂቃ እንዲደርቅ ያወጡት መመሪያ ግቢያችንን ያነቃቃ መሆኑን መካድ አልችልም። ያን ማክሰኞ ጠዋት ጥቁሩ መኪና ጭቃ ጠጥቶ መጣ፤ ጠቅላይ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ለመቀበል ቸኩለው ነበር። እትዬ በአንዱ ፎጣ ከኋላ፣ እኔ በሌላው ከፊት ሆነን ማድረቅ ጀመርን። እርስዎ ያን የብረት ቁልፎች ያሉበትን ኮትዎን ለብሰው መስኮትዎ ላይ ቆመው መስታወቱን በእስክሪብቶ ጫፍ እያንኳኩ ያበረታቱን ነበር።

ኮፈኑ ላይ ስደርስ ፎጣው ከእጄ አምልጦ ከውሃ መውረጃው ዳር ወደቀ። ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እትዬን ጠርቼ የያዙትን እስኪጨርሱ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ምናልባት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቀና ብል ሰዓትዎን እያዩ ነው። አጎንብሼ አነሣሁት፤ ሁለት ጊዜ አራገፍኩት፤ የወደቀውን ገጽ ወደ ውስጥ ያጠፍኩ መስሎኝ አጠፍኩት፤ ከዚያ እንዳስተማሩኝ መሳቡን ትቼ፣ ፈጠን እንዲልልኝ ክብ ክብ እያደረግሁ አሸሁት። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ስኳር በማንኪያ ሥር ሲደቅ የሚያሰማው ዓይነት ስስ ድምፅ ነው። ሰምቼም አላቆምኩም።

፫ኛ. ስለ ምርመራው። ፀሐይ ወጥታ ኮፈኑ የሸረሪት ድር የተዘረጋበት መስሎ ሲታይ፣ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ኮሚቴ አቋቁሞ ሳምንት ይፈጅ ነበር። እርስዎ ግን ደረጃውን ወርደው፣ ጠይቀው፣ ፈርደው ሲመለሱ የሹፌሩ ሲጋራ እንኳ ገና አላለቀም ነበር። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «የዚህ ግቢ ፎጣ በማን ኃላፊነት ነው?»

እትዬም «በኔ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የቡድን መሪ ናቸው። እርስዎ ይህንን በስንብት ደብዳቤው ላይ «ጥፋቷን አምናለች» ብለው ጻፉት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንቱ» የተባሉትን ሴት «እሷ» አድርገው።

እዚህ ላይ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም፤ እኔን ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ፎጣውን በእጄ ይዤ፣ ቦቲዬን እያየሁ ቆሜ ነበር። ስላልጠየቁኝ «አልዋሸሁም እኮ» እያልኩ ራሴን እንዳጽናና አድርገውኛል። ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እነግርዎ ነበር ብዬ ግን አልምልም፤ የቋሚነት ማመልከቻዬ ጠረጴዛዎ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። እትዬ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ጠርጥረውኝ አልነበረም፤ ደንግጬ እንደሆነ ለማየት ነበር።

፬ኛ. ስለ ሹመቴ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ፤ በእትዬ ቦታም የቡድን መሪ ተባልኩ። በደብዳቤዎ ላይ «ታታሪና ጥንቁቅ» የሚል ቃል ስላስገቡልኝ ባለውለታዬ ነዎት። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው፤ በሦስተኛው በቃሽ አልኳት። ትንሽ ቆይታ እትዬ ምን አግኝቷቸው ነው የወጡት ብላ ስትጠይቀኝ፣ «አርጅተው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል» አልኳት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ እራት ላይ ተቀምጬ ነው ይህን ያልኩት።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው አቤቱታ እርስዎን የሚመለከት ሆኖ አላገኘሁትም።

ባለፈው እሑድ፣ እትዬ ከወጡ በሦስተኛ ሳምንታቸው፣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ ገና ሳልገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እናቷ እንደወትሯቸው እንዳልሆኑ ነገረችኝ። ብርጭቆ ካጠቡ በኋላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡና ሦስት አራት ጊዜ ያገላብጡታል፤ ከዚያም «እስቲ አንቺ እዪው» ብለው ይሰጧታል። መርፌ ክር ማስገባት ትተዋል፤ ሽንኩርት መክተፍ ትተዋል። «ያን ቀን የጎማውን ፎጣ ከለስላሳው ጋር ቀላቅዬ አጥቤው ይሆናል» እያሉ፣ ቁጭ ባሉበት ያችን ማክሰኞ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ይቆጥሯታል። እትዬ የሰው ጥፋት እንደተሸከሙ አላወቁም ነበር። እኔ ለባለቤቴ የዋሸሁትን ውሸት እሳቸው ስለ ራሳቸው አምነውት ነበር።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ፎጣው መውደቁን፣ ሁለት ጊዜ ማራገፌን፣ ድምፁን መስማቴን፣ ዝም ማለቴን። አልተቆጡም፤ እንደገና ቀስ ብዬ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገላብጠው ካዩ በኋላ፣

«እንግዲያ እጄ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ እትዬ።»

ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። ልጃቸውን ተጣርተው «ሰማሽ? እጄ ደኅና ነው» አሏት። እኔም ሞኙ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ወንበሩ ላይ ደላደል ብዬ ልቀመጥ ስል ዞር አሉ፤ ፈገግታው የለም።

«አሁን ሂድ፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጃቸው በሩን ከፈተችልኝ፤ ወጣሁ። ሌላ ቀን ተመለስ እንዳላሉኝ ያስተዋልኩት መንገዱ ላይ ሆኜ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጊዜዎ የተጣበበ መሆኑን ብረዳም፣ የእትዬን ስንብት ሽረው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፉ፣ ደብዳቤውም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስድስት ቀን እንዲቆይ፣ እትዬም በውስጡ «እሳቸው» ተብለው እንዲጠሩ እለምናለሁ። ይህን ሳደርግ የማገኘው ምንም እንደሌለ አስቤበታለሁ። ቢመለሱ እንኳ እኔን የሚያሠሩኝ አይመስለኝም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ራሴን አላሠራም። የፎጣዎቹን ቁም ሳጥን ቁልፍ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ፤ ባለቤቴም ከትናንት ጀምሮ እውነቱን ታውቃለች።

ቢሮዎ በብርሃን፣ መስኮትዎ በንጽሕና እንዲሞላ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣ «ጥንቁቅ» የተባልኩበትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አያይዤ በአክብሮት መመለሴን የማረጋግጥልዎ፣

ባለ ቦቲው ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለጠቅላይ ሥራ አስኪያጁ
ለእትዬ፣ ማንበብ ከፈለጉ

ማስታወሻ፦ የእኔ ጭረቶች ክብ ክብ ናቸው፤ ያሉትም ኮፈኑ ላይ ብቻ ነው። በስንብት ደብዳቤው ላይ «በኋላ በር ላይ የታዩ ሦስት ረጃጅም ቀጥ ያሉ ጭረቶች» ተብለው የሰፈሩትንም የእኔ ናቸው ብዬ ለመቀበል በቅንነት ሞክሬ ነበር፤ ፎጣ ግን እንደዚያ ቀጥ አድርጎ አይጭርም። ጠቅላይ ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ ደረጃውን ሲወርዱ ቀድሞ ሮጦ የዚያን በር አቧራ በደረቁ በኮቱ እጅጌ የሚጠርግ አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ እጅጌው ላይ ሦስት የብረት ቁልፎች ተደርድረዋል። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ራሱ ወጥቶ ቢናገር ይቀለዋል። ከልምድ ነው የምናገረው።