ከኋላዬ የቆመችው ሀኒፋ

ለማልጠግብሽ ለእታለም ዘሃራ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ክረምቱ ገብቶ አላስቸገረሽም? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ብቻ ነው ያልደላው።

ባልሽ አብራር ደውሎ የእማማ ዘምዘምን ነገር ነገረኝ። የሀኒፋን መርዶ ከሰሙ ወዲህ፣ ልጄ በልጅነቷ እንደወጣች ቀረች፣ ትልቅ ሰው ሆና ምን ትመስል እንደነበር እንኳ አላውቅም፣ ፎቶዋን አሳዩኝ እያሉ ነው አሉ። የሀኒፋ ስልክ ከነፎቶዎቿ እዚህ ካርቱም በጦርነቱ ተዘርፏል። የቀረኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽ አንዱ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በፊት በዒድ ቀን ዐባይ ዳር የተነሳሁት ነው። አንቺ፣ ያን ቀን ብታይን! ካፉሪ ሰፈር ከምንሠራበት ቤት ተያይዘን ወጣን። የዚህ አገር ሴቶች የሚጠቀለሉበት ደህና ቶብ ያለን አንድ ብቻ፣ እሱንም በየተራ ለብሰን ልንነሳ። ፎቶ አንሺው ጂብሪል ክንድ የሚያህል ሌንስ ገጥሞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ አሁንም ሄደ። ሀኒፋ፣ ይሄ ሰውዬ ፈርቶን ነው እንዴ የሚሸሸው እያለች በሳቅ ገደለችኝ። እሱ ከሩቅ እየጮኸ፣ በረጅሙ ሌንስ ራቅ ብዬ ሳነሳ ፊትሽ ጥርት ይላል፣ ከኋላሽ ያለው ሁሉ እንደ ጉም ይሟሟል አለኝ። ሀኒፋም፣ እንግዲያው ማን ያየኛል ብላ ያወለቅሁትን ጫማዬን እንደያዘች እዚያው ከኋላዬ ራቅ ብላ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ጀንበር ጠለቀች። ጂብሪል ለሚመጣው ዒድ ኢንሻአላህ አላት። እሷም ያላ፣ እንሂድ ብላ ጎትታኝ ሄድን። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ዘንድሮ ደግሞ ከተማው የገባው ትኩሳት እሷን ነጠቀኝ።

ጂብሪልን ሰሞኑን ካርቱም ሁለት ሰፈር አግኝቼው፣ ከፎቶው ላይ ዐይኗን እንኳ አጥራልኝ ብዬ ለመንኩት። ሌንሱ ያልያዘውን ከየት ላምጣልሽ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። የኔ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይታያል፣ የሷ ፊት ግን የለም። የገዛ ፊቴን ጠላሁት፣ ዘሃራ። ከቀዩ ድሪያ ቀሚሷ በቀር የሷ ምንም አይለይም። ብቻ ጫማዬን አንጠልጥላ፣ ሌላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዘመም ማለቷ የራሷ ነው። ልጅ ሆነን ውሃ ስንወርድም እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

እና ፎቶውን ስትሰጪያቸው፣ ሀኒፋ እዚህ ጋ ናት ብለሽ በጣትሽ አታሳይያቸው። ዝም ብለሽ ጠብቂያቸው። ራሳቸው ካገኟት፣ አዎ እሷ ናት በያቸው፤ ፎቶውም የሳቸው ይሁን። ካላገኟት ግን የፋሪሃ ፎቶ ነው ብለሽ መልሰሽ አስቀምጪው፤ ሁለተኛ እንዳያጧት።

አብራርንና ልጆቹን ሳሚልኝ። አባባ ከቢርን በዱዓ አይርሱኝ በይልኝ። ለእማማ ዘምዘም ሰላምታዬን ፎቶውን ካዩ በኋላ አድርሺልኝ።

እህትሽ ፋሪሃ
ካርቱም፣ ዐማራት
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.