ጀልባችን መብራት ገባላት

ግርምዬ፣ ሆዴ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ የሌዊስቪል ሐይቅ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጎደለ። ጊዜውን በውኃው መቁጠር የጀመርኩት ሳላስበው ነው። በጸደይ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ዳር ያሉትን ዛፎች እስከ ወገባቸው ይውጣቸዋል። ሙቀቱ ሲከር ደግሞ ቀስ እያለ ይሸሽና ሥሮቻቸው ራቁታቸውን ይቀራሉ። ሰው "ከተለያያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?" ሲለኝ ከአፌ "ሁለት ዓመት" ይወጣል፤ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግን ያ ሲመጣ ሲሄድ የሚኖረው ውኃ ነው።

ደህና ነን። ልጃችን ሊያ ዴንተን ከተማ ኮሌጅ ገብታ መማር ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። እኔም የማታ ሺፍቱን ትቼ ወደ ቀን ዞሬያለሁ፤ አሁን እንደ ሰው በሰዓቱ እተኛለሁ። አንተ ስትጠግነው የኖርከው የወጥ ቤት ቧንቧ በመጨረሻ እጁን ሰጠና አስቀየርኩት። አዲሱ ድምፅ የለውም። ያ ጠብ ጠብ የሚለው ነገር ሲቀር፣ መጀመሪያ ሰሞን የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር። በረንዳው ሥር የተከልከው የጥብስ ቅጠል ግን ማንም ሳይንከባከበው አድጎ አጥሩን አልፏል። ጎረቤቶች እያለፉ ይቆርጣሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጀልባችን ነው። መብራት ገባላት። ከቁም ሳጥኑ ሥር ከነካርቶኑ ትተኸው የሄድከው ዕቃ ተገጠመ። ትናንት ውኃው ላይ አድሬ ዛሬ ተመለስኩ። ሰውነቴ እስካሁን ይወዛወዛል፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጽፍልህ እንኳ ጠረጴዛው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ያደገ ሰው ውኃ እንዲህ ይወዳል ብሎ ማን ያስባል? ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ስንኖር፣ ከአፓርታማው መዋኛ ውስጥ ከሊያ እኩዮች ጋር ተሰልፈህ ዋና ስትማር አሁንም ይታየኛል። ክንድህ ላይ የሕፃናት መንሳፈፊያ ታጥቀህ፣ ጢምህ ውኃ እየጠጣ። ሊያ አፍራ ፎጣ ውስጥ ተደብቃ ነበር። አሁን ይኼንኑ ለጓደኞቿ እያወራች ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሌዊስቪል ስንዞር፣ ከምትሠራበት መጋዘን ጡረታ የወጣው ባልደረባህ ያቺን አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ሲሸጥልህ፣ ያ ሁሉ ዋና ለምን እንደነበር ገባኝ። አንተ ግን ያኔም ቢሆን ዕቅድ እንዳልነበረህ ትምል ነበር።

ሐይቁ ላይ ማደር ያምርህ ነበር። የማናድረው በእኔ ሕመም ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ ትንፋሼ ይቆማል፤ ሐኪሙ የትንፋሽ ማሽኑን እስኪያዝልኝ ድረስ ማሽኔ አንተ ነበርክ። በሁለት ጣትህ ትከሻዬን ነካ ታደርገኝና እመለሳለሁ። ማሽኑ ከመጣ በኋላ አንተም መተኛት ጀመርክ፤ ግን ማሽኑ የቤት መብራት ይፈልጋል። ጀልባዋ ላይ ደግሞ ከአንዲት ደካማ አምፖል በቀር ምንም አልነበረም። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንመለሳለን። ሌሎቹ መልሕቃቸውን ጥለው መብራታቸውን አንድ በአንድ ሲያበሩ አንዴ ብቻ ዞር ብለህ ታያቸዋለህ። ከዚያ ወሬ ትለውጣለህ።

አንድ ቅዳሜ ያን ከባድ ካርቶን ተሸክመህ መጥተህ አልጋው ላይ አስቀመጥከው። "አልሚ፣ ይኼ ያንቺ እንቅልፍ ነው" አልከኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ቦታ ወደቅህ። ሆስፒታል ደርሼ እጅህን ስይዘው ሙቀትህ ገና አልሄደም ነበር፤ አንተ ግን ሄደህ ነበር።

ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ሊያም ወደ ጀልባዋ አልሄደችም። ስለ ጀልባ ካነሣሁ ወሬ ትቀይራለች፤ በኋላም ከዴንተን መምጣቷ እየራቀ ሄደ። በዚህ መከር መግቢያ ላይ "ማሚ፣ ጀስት ሽጪው፤ እኔ ፖስት አደርገዋለሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሰው እሺ የሚልበት ቀን አለ።

ሊገዙ የመጡት በዕድሜ ገፋ ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ የጀልባዋን ደረጃ ወርዳ መኝታውን በእጇ ዳሰስ አደረገችውና "እዚህ ማደር ይቻላል? መብራት አለው?" ብላ ጠየቀችኝ። የለውም ማለት አቃተኝ። አንተ ያልጨረስከውን ሌላ ሰው ሲጨርሰው፣ የኔን እንቅልፍ ሌላ ሴት ስትተኛው ታየኝ። ይቅርታ ጠይቄ አልሸጥም አልኳቸው።

ዕቃውን አስገጥሜ ሐይቁ ላይ አድራለሁ ስላት ሊያ በስልክ ጮኸችብኝ። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ብቻሽን ውኃ ላይ? ማሽኑ ቢቆምስ?" ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለጋሽ ታደሰ ደወልኩላቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመብራት ሥራ ያሳለፉት። "ግርማ ነግሮኝ ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ" አሉኝ፤ ቀኑን ለሊያም ጻፍኩላት። ቅዳሜ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ማሪና ስደርስ ከእሳቸው ቀድማ ሊያ የጀልባ መሳፈሪያው ዶክ ላይ ቆማለች። ያንተን የመሣሪያ ሣጥን ይዛለች። አላየችኝም፤ ዓይኗ ጀልባዋ ላይ ነበር። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ጋሽ ታደሰ ገና ሳይሳፈሩ ከዶኩ የሚመጣውን የመብራት ገመድ አስነቀሉን፤ ከዚያ የባትሪዎቹን ሽቦ አስፈቱን። "ውኃና መብራት ቀልድ አያውቁም" አሉ። ዕቃውን ከካርቶኑ ሲያወጡት አዲስ የተወለደ ልጅ እንደሚያቅፍ ሰው ነበር የያዙት። አስረዱን፦ "ይኼ አንዱ ዕቃ ሁለት ሥራ አለው። ዶኩ ላይ ስትሰኩት ባትሪውን ይሞላል፤ ከዶክ ስትወጡ ዞር ይልና የባትሪውን ኃይል የቤት መብራት ያደርገዋል። ማንም ዙር ሳይለው።"

ግርሜ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ክዳን ስናነሣ ምን አየን መሰለህ። እንጨቱ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሥለሃል። ልክ የዕቃውን ቁመትና ወርድ። መቼ ሄደህ እንደለካኸው አላውቅም። ሊያ በጣቷ መስመሩን ተከተለችው፤ ደጋግማ፣ ዙሪያውን። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መልሰው ደፉትና ግን "ግርማ ነፍሱን ይማረውና ዝቅ አድርጎታል፤ እርጥበት ያገኘዋል። አንድ ስንዝር ከፍ እናድርገው" አሉ። ሊያ አልወደደችም። ቀና ብላ አየችኝ። "አባትሽ ቢኖር ይከራከራቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን እሺ ይላቸው ነበር" አልኳት። ከፍ አደረግነው። የሣልከው መስመር ግማሹ ከሥሩ ይታያል፤ ማንም እንዳያጠፋው ብያለሁ።

የነበሩት ኬብሎች ቀጫጭን ነበሩ፤ ያን ሁሉ ኃይል ሲሸከሙ ይግላሉ ብለው ጋሽ ታደሰ የአውራ ጣት የሚያህሉ አመጡ። ባትሪው አጠገብ ትልቅ ፊውዝ አሰሩ፤ አንድ ነገር ቢነካካ ከእሳት በፊት እሱ እንዲቃጠል። ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ኬብሉን የምታሳልፈው ሊያ ነበረች፤ እጇ እንዳንተ ረጅምና ቀጭን ነው። "ጋሽ ታደሰ፣ አንተ ይያዙት፣ እኔ ፑል አደርገዋለሁ" ስትላቸው አንተና አንቱ የተጋጨበትን አማርኛዋን ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባትሪዎቹም አርጅተው ስለነበር በሌላ ዓይነት ተለውጠዋል። ምን ዓይነት ባትሪ እንደሆነ ለዕቃው መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው ከልኩ በላይ ወይም በታች እየሞላ ይገድላቸዋል። ሊያ መመሪያውን ከስልኳ እያነበበች፣ ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ አንድ በአንድ ነገሩት። ገመዱ ተመልሶ ሲሰካ ዕቃው ላይ አረንጓዴ መብራት በራች። ማንም አላጨበጨበም። ውኃው ብቻ የጀልባዋን ጎን መታ መታ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደሰ ሄዱ። እኔና ሊያ ገመዱን ነቅለን በባትሪ ብቻ ልንሞክረው ማሽኔን ሰካን። ጭምብሉን አድርጌ ጋደም አልኩ። አየሩ መጣ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቆመ። ተመለሰ፣ ደግሞ ቆመ። ቀና ስል የሊያ ፊት አመድ መስሏል። "አላልኩሽም?" ብላ ወጣች። ዶኩ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ጫማችን ሥር ዓሣዎች የሆነ ነገር የምንጥልላቸው መስሏቸው ተሰበሰቡ። "ስለ ዳዲ ከሥራ ቦታው ነው የደወሉልኝ" አለች። "ስላንቺም ከዚህ ቢደውሉልኝ አልችልም፣ ማሚ። ለዛ ነው የማልመጣው።" እስከ ዛሬ የተቆጣችኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈርታ ነው። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት።

ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ብዙ አነበበች። ድንገት ተነሥታ ወደ ውስጥ ሮጠች። "ማሚ፣ አልተበላሸም! ያንቺ ማሽን ትንሽ መብራት ብቻ ነው የሚጠቀመው። ሶ፣ ዕቃው ማንም የለም ብሎ ያስባል፣ ከዛ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። መተኛቱን ኦፍ ማድረግ እንችላለን።" የምትነካውን ነካች። እንደገና ጋደም አልኩ። አየሩ መጣ፤ አልቆመም። ሊያ የባትሪው ኃይል ሲወርድ የሚጮኸውን ደወል ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ሞከረችው። እንደማይተዋት እስክታምን ድረስ።

እንግዲህ ትናንት ወጣን። ከማሪናው ብዙ ሳንርቅ፣ ነፋስ የማይደፍረው ጥግ ላይ መልሕቅ ጣልን። ፀሐይ ገባች፤ ውኃው መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ የወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ የምንም ቀለም ሆነ። እኛም መብራታችንን አበራን። ሩቅ ሆኖ የሚያይ ካለ እኛንም ከሌሎቹ ጋር አንድ አድርጎ አይቶናል። በሕልሜ መጣህ ብልህ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ሕልም አላየሁም። ሐይቁ አዝሎኝ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

የነቃሁት ንጋት ላይ ነው። ሊያ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ብርድ ልብስ ደርቤ ወጣሁ። ጉም ነበር፤ ውኃና ሰማይ የሚለያዩበት ጠፍቶ ጀልባዋ ነጭ ነገር መሐል የተንጠለጠለች ትመስላለች። የቱ ላይ እንዳለሁ ለትንሽ ጊዜ አላወቅሁም፤ ማወቅም አላማረኝም። ከጉሙ ውስጥ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ወጡ፤ ክረምታቸውን እዚህ ሊያሳልፉ ከሰሜን የሚመጡት፣ መንቆራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉት። ተሰልፈው ይዋኛሉ፤ አንገታቸውን ባንድ ላይ ያጠልቃሉ፣ ባንድ ላይ ያወጣሉ፤ ድምፅ የለም። አንዱ ዘግይቶ መጣና በሁለት እግሩ ውኃውን እያረሰ ሲያርፍ ተርታውን ሁሉ በጠበጠው። ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ። ከሳቁ ጋር ስምህ ከአፌ ወጣ።

ሊያ ስትነሣ የመጀመሪያ ሥራዋ ስልኳን ከፍታ የሽያጩን ማስታወቂያ ማውረድ ነበር። ሳልጠይቃት አሳየችኝ። ስንመለስ መሪውን የያዘችው እሷ ናት።

ግርሜ፣ ሙት ዓመትህን አልረሳም፤ ስምህን በቤተ ክርስቲያን አስጠራለሁ፤ ይኼ የታወቀ ነው። እስከ ዛሬ ግን የማስብህ ሲከፋኝ ብቻ ነበር። ደስታ ሲመጣ አንተ የሌለህበት እየመሰለኝ በሩን እዘጋበት ነበር። ከእንግዲህ አልዘጋም። ደስ ባለኝ ቦታ ሁሉ፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም፣ ስምህን ድምፅ አውጥቼ እጠራዋለሁ። ሊያም እየሰማች ትለምደዋለች።

ያንተዋ፣
አልማዝ