በደህናው እጅ ላይ የተተወው ባዶ ቦታ

ውድ ቢፍቱ፣

የሊናን እጅ ቀብተሽ፣ ሂናው ሳይታጠብ በማለዳው አውቶቡስ ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ ስለሄድሽ ቀለሙ እንዴት እንደወጣ አላየሽም። የምጽፍልሽም እሱን ልነግርሽ ነው።

ማንያታ ሰፈር ቤታችን ስትመጪ፣ ያሳደግኋት የወንድሜ ልጅ ሊና ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ነበር የተቀመጠችው። በልጅነቷ የፈላ ዘይት የፈሰሰበትን ጠባሳ የሙሽራው ዘመዶች እንዳያዩባት ለሠርጓ ጓንት ገዝታ ነበር።

«ጓንት?» አልሻት። «የትራፊክ ፖሊስ ልትመስዪ ነው?»

ሳቀች። ጠዋት ሙሉ ለምነን ያልወጣው እጅ ያኔ ወጣ።

እኔ ጠባሳው ላይ አበባ አብዝተሽ እንድትሸፍኚው ነገርኩሽ።

«አይሆንም ቲቸር» አልሽኝ፤ «ጠባሳ ሂና አይዝም። ሲታጠብ ዝብርቅርቅ ይላል።»

ሊና እጇን ልትመልስ ስትል ያዝሻት። ስስ ላስቲክ ጠባሳው ላይ ዘርግተሽ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ተከተልሽ፤ ከዚያ ላስቲኩን ገልብጠሽ ደህናው እጇ ላይ አሳረፍሽው። ያንኑ ቅርጽ ቀኝ እጇም ላይ ባዶ ተውሽው። በሁለቱም ዙሪያ ነጠብጣብ ደረደርሽ፤ ከነጠብጣቡ ሐረግ፣ ከሐረጉ ቅጠል አወጣሽ፤ ቅጠሉ እየደቀቀ ሄዶ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ድፍን ቀለም ሆነ።

የሒሳብ መምህርነት ልማድ አይለቅም፤ ማስመሪያ አምጥቼ ግራና ቀኙን ለካሁ።

«ስንት አገኘሁ ቲቸር?» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

«ሙሉ» አልኩሽ። ከእኔ ሙሉ ያገኘ ተማሪ ብዙ አይደለም።

ሲታጠብ ብርቱካንማ ነበር፤ በማግስቱ እንደ ጫማ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ጠቆረ። ሁለቱ እጆቿ ጎን ለጎን ሲሆኑ ባዶዎቹ ቦታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የትኛው ከዘይቱ፣ የትኛው ከአንቺ እንደመጣ ለማወቅ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠይቃል። በሠርጉ ዕለት የሙሽራው እናት ሁለቱንም ይዘው እያገላበጡ «ይሄ ደግሞ የየት አገር ፋሽን ነው?» አሉ። ሊና «የቢፍቱ ነው» አለቻቸው፤ እጇንም አልሳበችም።

አሁን ግን ችግር ገጥሞናል። የጎረቤታችን ልጅ አቻምየለሽ ልታገባ ነው፤ እጇ ላይ ጭረት እንኳ ሳይኖራት ያንን ባዶ ቦታ ካላገኘሁ ብላለች። እዚህ ያለችው ቀቢ በግምት ሞክራ አጣመመችው። ሊና ይህን ስትሰማ ትናንት ራሷ እነአቻምየለሽ ቤት ሄደች። በሰው በተሞላው ሳሎን ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ቀቢዋን «በግምት አይሆንም፤ ከዚህ ቅጂ» አለቻት።

ደህና ሁኚልኝ ልጄ። ወደ ሞያሌ ስትመለሺ መጀመሪያ እኛ ቤት ግቢ።

ሥራሽን የምታደንቀው፣
የሺ