ገልብጬ የጣልኳቸው ዘጠኞች

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የቤሌ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ተማሪዎችህስ ለመዱህ? እኛ ሶዶ በጌታ ቸርነት ደህና ነን፤ እናትህንም እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አግኝቻቸው ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። ደውዬ እንደ መንገር ደብዳቤ በሹፌር መላኬ ሳይገርምህ አይቀርም። ነገሬን ሳልጨርስ ድምፅህን መስማት ስላልፈለግኩ ነው።

ፖከሩን አልተውኩም፣ እንዳትቆጣ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ፔንሲዮን ለጊፋታ በዓል በሬ የሚያሸልም ውድድር አለ ሲሉኝ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አንተ ስታሾፍብኝ ኖርክ እንጂ ጨዋታው ሰው ማንበብ ነው። ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው ካርታውን ደግሞ አያይም፤ ዐይኑን ሌላ ቦታ ያሳርፋል። እንዲህ እያልኩ ብዙውን አሰናብቼ ሁለት ሰው ስንቀር፣ ከሌላው ጠረጴዛ አሸንፈው ፊቴ የመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አቶ ባዳቾ። የሜላት አባት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

ብድግ አልኩ። እሳቸውም ደነገጡ፤ ግን ሰው እያየን ነበርና ተቀመጡ። አማቴ የሚሆኑትን ሰው ትክ ብዬ ማየት ነውር ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ በጆሮዬ ብቻ ተጫወትኩ። ባዶ ሲይዙ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ እንደሚያደርጉ የደረስኩበት በዚሁ ነው።

በመጨረሻ በእጄ ሁለት ዘጠኝ ይዤ መሐል ላይ ሌላ ዘጠኝ ወጣልኝ። የሚበልጠኝ ካርታ የመያዛቸው ዕድል ከአሥር አንድ ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያላቸውን ሁሉ ወደ መሐል ገፉ። በሬው የኔ ነበር። ያኔ ቀለበት ያሰርን ቀን ትዝ አለኝ፤ ያን ቀንም አንገቴን ደፍቼ ነበር። ጉሮሯቸውን ልክ እንደዚያው ጠርገው፣ ልጄን ጠይቄያት በደስታ እሺ ብላኛለች አሉ።

ባዶ እጃቸውን ሰው ፊት ላስገልጣቸው አልደፈርኩም፤ ካርታዬን ገልብጬ ጣልኩና ተሸንፌያለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጨዋ ልጅ ነህ ብለውኝ በሬውን አስነድተው ሄዱ። ትናንት ደግሞ ለሠርጋችሁ ይታረዳል ብለው ላኩብኝ።

ምን ልበል? ልጅዎ አትፈልገኝም ብላቸው በምን አወቅህ ይሉኛል። በምን እንዳወቅኩ ከተናገርኩ እሳቸው ከሽምግልናው፣ እኔ ከኳየሩ እንወጣለን። ሜላትን ጠየቅኳት፤ ደስ ብሎኛል አለች፣ አባቷን እንዴት ታሳፍር? አዳራሹ ተይዟል፣ ሱፉ ተሰፍቷል። መውጫ አጣሁ ወንድሜ። ደግሞ እወዳታለሁ፤ የባሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ያን ሁሉ ዓመት ሦስታችን አንድ ኳየር ዘምረን፣ ሜላት ብቻ ስምህን አንስታ አታውቅም። አንተም ስትደውል ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ታደርሳለህ፤ እሷን ትዘላታለህ። ወደ ቤሌ ዝውውር የጠየቅከውም ቀለበት ባሰርን ሳምንት ነው።

ሚዜ ሁነኝ ያልኩህን ተወው። ለጊፋታ ና፤ ብቻህን ግን አትምጣ፣ አጎትህንና አንድ ሁለት ደህና ተናጋሪ ሽማግሌ ይዘህ ና። የእነ ሜላትን ቤት ታውቀዋለህ። እኔም እዚያው እገኛለሁ፤ ምን ተፈጠረ የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ፣ የዚያን ቀን አንገቴን አልደፋም።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ያሰብከውን በሰላም ያድርስህ።

ሚዜህ