ከጠረጴዛው የማይነሳው

ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶልያና፣ ጆሃንስበርግ

የኔ ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ይነጫነጫል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ ወደ እናንተ የሚመለስ ሰው አግኝቼ ጻፍኩልሽ።

ያለፈው እሁድ በቪዲዮ ስትደውይ «አባዬ ተቀይሞኛል እንዴ? ለምን አያናግረኝም?» ብለሽ አለቀስሽ። አልተቀየመሽም ልጄ። አማርኛው እየጠፋው ነው።

ኮሌጅ ኮምፒውተር ሲያስተምር የሚለውን መቼም አትረሺውም፤ እራት ላይ እንኳ አይተወንም ነበር። «ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፣ ዲስኩ ቁም ሳጥን። ጠረጴዛው ሲሞላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን አንስቶ ቁም ሳጥን ይከታል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣል። ሰው የሚያየው መዘግየቱን ብቻ ነው።» እኔም «አንተ ካልሲህን የት እንደከተትክ ሳታውቅ!» እለው ነበር። ዘንድሮ ያንን መዘግየት በዓይኔ አየሁት። «ውሃ ልስጥህ?» ስለው ዝም ብሎ ያየኛል፣ ይቆያል፣ ከዚያ «አዎ» ይላል። አሁን አሁንማ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ አይመጣም። «ማሽን ቦታ በጣም ሲጠበው ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል፣ ሥራ አይሠራም» ይል የነበረው ይኼንኑ ነው።

ኦቶና ሆስፒታል ወስጄው ሐኪሙ «አንዳንድ ሰው ላይ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል» አለኝ። ወላይትኛው ግን አለ። ከእህቱ ከሽታዬ ጋር ሲያወራ ብታይው የድሮው ሶርሳ ነው፤ ይስቃል፣ ልጅ ሆኖ በትውልድ ቀዬው ሁምቦ ያገዳቸውን ከብቶች በየስማቸው ይጠራል። «ከርነሉ፣ መጀመሪያ የሚገባው ዋናው ክፍል፣ መብራት እስኪጠፋ ከጠረጴዛው አይነሳም» ይል አልነበር?

አንቺን ግን ወላይትኛ አላስተማረሽም። ትምህርት እንዳይከብድሽ ብሎ በቤታችን አማርኛ ብቻ እንዲነገር ያዘዘው እሱ ራሱ ነው። ሽታዬ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛዋ «ይሄ ልጅ ለዘመዱ እንግዳ አደረጋችሁት» ስትለው «ስታድግ ትማራለች» ይላት ነበር።

የእኔማ ምን ይነገራል። ሠላሳ ዓመት ያወራነው በአማርኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ የገባሁ ሚስት ነኝ። በቀደም ሽታዬን «ይህች ደግ ሴትዮ ሲመሽ ቤቷ አትሄድም ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ስትተረጉምልኝ ተሳሳቅን፤ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ ለታ «ሃ ያ፣ ሃ ያ» ሲልሽ «ምን እያለኝ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሰላም እያለሽ ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። «ነይ» ነው ያለሽ። ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ ስለማውቅ ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም። አሁን ግን አትጠብቂ እልሻለሁ። ዛሬ «አባዬ» ስትዪው ይዞራል፤ ሰኔ ላይ መዞሩን አላውቅም።

እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከሽታዬ እየተማርኩ ነው፤ ከገበያ ወላይትኛ አልፌ አላውቅም ነበር። ትናንት በረንዳው ላይ ቆሞ አየሁትና «ሃ ያ» አልኩት። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን ይዞ ረጅም ነገር ነገረኝ። ምን እንዳለኝ አልገባኝም።

የእኔዋ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ፤ የአባትሽም ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ ጽጌሬዳ