ለደሴ የፈታሁት ማሰሪያ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ደብተሬ፣ ጠዋት ድንች ስለቅም ወገቤ ተቆረጠ። ከሰዓት ገበያ። የመንደራችን ሰው ደሴ፣ በአፍንጫው ስለቀለድኩ ባለፈው ቅዳሜ ሰው ፊት በዱላ አጋድሞኝ የለ? ዛሬ በቅሎውን ታስራ አገኘኋት። የኮርቻዋን ማሰሪያ አላላሁለት። እንደ ድንች ጆንያ ዱብ ሲል ይታየኛል።

11 ሰዓት
ደሴ አልወደቀም። እናቱን እትየ ጥሩን በቅሎዋ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ነው የሄደ። ቁልቁለቱ ላይ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሴት።

ሰኞ
ደከመኝ። ደሴ፣ ማሰሪያውን የፈታው ጎረቤቴ አያሌው ነው ይላል። የድንበር ጠብ አላቸው። ደሴ ጠመንጃውን ወልውሏል አሉ። ሽማግሌዎች ለሐሙስ አውጫጭ ጠርተዋል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ መንደሩ ተቀምጦ ይውላል። እኔን የጠረጠረ የለም። የሚያስቅን ሰው ማን ይጠረጥራል።

ማክሰኞ
ደብረ ታቦር ወረድኩ። በወር አንዴ የሚመጡት አባ ነበሩ። እኛ ካቶሊኮቹ ተሰብስበን ሁለት ባጃጅ አንሞላም፤ ኑዛዜ ወረፋ የለውም። የበቅሎ ኃጢአት አለብኝ ብዬ ጀመርኩ። አልሳቁም።
«ማን ወደቀ?»
«እናቱ።»
 መስቀሉን አሳዩኝ። ያልበደለው ሲመታ እናቱም ከሥሩ ቆማ ነበር፤ በቀል የሚያርፈው ሁልጊዜ ባልበደለው ላይ ነው አሉኝ። ፈቱኝ። ሃምሳ አባታችን ሆይ ድገም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የሰበርከውን ካስ፣ አያሌውንም አድን አሉ።

ረቡዕ
እትየ ጥሩን ጠየቅሁ። ወጌሻው ክንዳቸውን በቀርከሃ አስሯል።
«አንተ ቀልማዳ፣ እስቲ አስቀኝ። ሕመሙን ልርሳው።»
አንድ ቀልድ አጣሁ። እኔ።
«ጥፋቱ የራሴ ነው ልጄ፣ ማሰሪያውን ሳላይ ወጣሁ» አሉ። አያሌውን እንዳይነካ ደሴን ለምነውታል፤ አልሰማቸውም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ደሴ ገባ። ዘጋሁት። ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጠዋት
አልተኛሁም። ለእናቴ ነገርኳት። አልቅሳ ስታበቃ ጋቢ ደርብ አለችኝ። ለብርዱ ይሁን ለዱላው አልጠየቅኋት። ሽማግሌዎቹ ሰውን ከማስማላቸው በፊት ተነሥቼ እናገራለሁ። ደሴ ይምታኝ። አልመልስም። ክንዳቸው እስኪድን እርሻቸውን እሠራለሁ።
ጥሩምባው ተነፋ። አያሌው በደጃችን ሲያልፍ፣ ዛሬስ ምን ቀልድ ይዘሃል አለኝ።
ምንም፣ ቆየኝ አብረን እንውጣ አልኩት። እየጠበቀኝ ነው።